ለእናቴ፦ «ድንኳን» ስላሉት ቀሚሴ

ውድ እናቴ ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር «አዋቂ ሰው የሙታንን ልብስ ለብሶ ሣር ላይ መቀመጡ ምን የሚሉት ነገር ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እኔም ከሣቅ በቀር መልስ ስላልሰጠሁዎት፣ ነገሩን በደብዳቤ ላስረዳዎት ወሰንሁ።

የጥንት አልባሳት የምንወድ ሃያ ያህል ሰዎች ነን። በበጋው አንድ ቀን መርጠን፣ እያንዳንዳችን የምንወደውን ዘመን ልብስ ሰፍተን ለብሰን፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አብረን ምሳ እንበላለን። በፎቶግራፍ አይተው «ድንኳን» ያሉት ልብስ እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ የአውሮፓ ሴቶች ቀን ቀን ይለብሱት የነበረው ቀሚስ ነው። በዚያ ዘመን ደንብ አንገትና ደረት የሚገለጠው ለማታ ግብዣ ብቻ ስለ ነበረ፣ የእኔ ቀሚስ እስከ አንገት የተቆለፈና እጀ ረጅም ነው። ስለዚህ «ገላሽን ለፀሐይ ሰጠሽ» ብለው አይስጉ።

ድንኳኑን ወጥሮ የሚያቆመው ክሪኖሊን ይባላል። ስሙ የመጣው በፈረንሳይኛ የፈረስ ፀጉርን ከሚያመለክት ቃል ሲሆን፣ ቀድሞ የውስጡ ጉርድ ገትሮ እንዲቆም ከዚያ ፀጉር ጋር ይሸመን ነበር። ሴቶቹ ቀሚሱን ለማስፋት በስታርች የደረቁ በርካታ ጉርዶችን ደራርበው ይለብሱ ስለ ነበር ክብደቱ ቀላል አልነበረም። በ1856 ግን ከቀጫጭን የብረት ቀለበቶች የተሠራው ክሪኖሊን የፈጠራ መብት አገኘና ያ ሁሉ ጉርድ ቀረ። እኔ ከመልበሴ በፊት በሙቀቱ የምታፈን መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ነፋሱ ከሥር እየገባ እግሬን ስለሚያቀዘቅዘው፣ በየቀኑ ከምለብሰው ሱሪ ይልቅ ቀለለኝ። ኮርሴት የሚባለው ወገብን አጥብቆ የሚይዝ የውስጥ ልብስም ቢሆን እንደሚወራበት ትንፋሽ የሚያሳጣ አልሆነብኝም። ልከኛ አድርገው ካሠሩት የቀሚሱን ክብደት ተሸክሞ ወገብን ከመቆረጥ ያድናል፤ ወገብ ቀጭን መስሎ የሚታየውም በአብዛኛው ከበታቹ ያለው ስፋት ዐይንን ስለሚያታልል ነው።

መቀመጡ ግን ትምህርት የሚጠይቅ ነገር ኖሯል። እንደ ለመድሁት ዘጭ ብዬ ስቀመጥ የፊተኛው ቀለበት ተነሥቶ አፍንጫዬ ድረስ መጣ፤ የውስጥ ልብሴ ያን ያህል ረጅም ባይሆን ኖሮ ይህን ለእርስዎ ባልጻፍሁ ነበር። በኋላ አንዲት አሮጊት ባልደረባችን የኋላውን ቀለበት በእጅ ከፍ አድርጎ፣ ተንበርክኮ፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች መውረድን አሳዩኝ። ምግቡን የምናሞቅበትን ከሰልም ከሴቶቹ ርቆ እንዲቀመጥ ያስደረጉት እርሳቸው ናቸው፤ በዚያ ዘመን ሰፊ ቀሚሳቸው እሳት ነክቶት ተቃጥለው የሞቱ ሴቶች ብዙዎች ነበሩና።

ስለ ቀለሙም ጠይቀውኛል። በዚያው በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ለንደን ውስጥ የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን በኬሚካል ለመሥራት ሲሞክር፣ መድኃኒቱ እንቢ ብሎት ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ሐርን ሲያቀልምበት ያማረ ሆነና ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ፋሽን የምትከተል ሴት ሁሉ ያን ቀለም ፈለገች። ስለዚህ «ለጥንት ልብስ ደመቀ» ያሉት ሐምራዊ ለዘመኑ ትክክለኛ ነው። ከመካከላችን በእንዲህ ያለው ነገር ክር እየቆጠሩ የሰውን ደስታ የሚያደፈርሱ አልጠፉም፤ አንዱን ወጣት የእጅ ሰዓቱን ባለማውለቁ ሲገሥጹት ሰምቼ አዝኛለሁ፤ ልጁ ሸሚዙን እስከ መጨረሻው በእጁ የሰፋ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። አሮጊቷ ከምሳ በኋላ ፈቃዴን ጠይቀው የቀሚሴን ወገብ ገለጥ አድርገው ውስጡን ሲመለከቱ፣ እርስዎ ልብስ ሲመጣልዎት ፊቱን ሳያዩ ገልብጠው ስፌቱን የሚመረምሩት ትዝ አሉኝ። የስፌት መኪና በዚያ ዘመን ስለ ነበረ ረጃጅሙን ስፌት በመኪና ጨርሼዋለሁ። ወገቡን ግን መኪና አይችለውም፤ አራት ሜትር የሚሆነውን ጨርቅ ትይዩ በሆኑ ሁለት መስመሮች በእጅ ሸልሎ፣ ክሩን ስቦ፣ እንደ አኮርዲዮን በጥቃቅን እጥፋት ከሰበሰቡት በኋላ፣ የእያንዳንዱን እጥፋት ጫፍ ለብቻው ከመቀነቱ ጋር መስፋት ያስፈልጋል። ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሰፋሁት። አሮጊቷም ብዙ ካመሰገኑኝ በኋላ በግራ በኩል ጣታቸውን አሳርፈው «እዚህ ጋ ቸኩለሻል» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ ሌሊት ነበር።

ዐይንዎ እንደ ቀድሞው እንደማያይ ዐውቃለሁ፤ ጣትዎ ግን ከእኔ ዐይን ይበልጣል። ስለዚህ ቀሚሱን በሚመጣው ሰው እጅ ልኬልዎታለሁና የግራውን ወገብ ዳብሰው ልፍታው ወይስ ይለፍ የሚለውን ይወስኑልኝ። ክሪኖሊኑን አልላክሁትም፤ በበርዎ አይገባም።

ልጅዎ