ከናይሮቢ ለወንድም ጋሼ፤ ስለ ነፃ ንግዱና ስለ ቡሬ በርበሬ

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እታለምስ፣ ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በደብዳቤዎ «ይህ የአፍሪካ ነፃ ንግድ የሚሉት ነገር ለእኛ ለቡሬ ነጋዴዎች ምን ይፈይዳል?» ብለው ለጠየቁኝ፣ እዚህ በተቀጠርሁበት የቅመም መደብር ካየሁት ተነሥቼ እመልስልዎታለሁ።

ስምምነቱ በኪጋሊ የተፈረመው መጋቢት 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ሲሆን፣ አገራችን በእሱ መሠረት መነገድ የጀመረችው ግን ገና በመስከረም 2018 ዓ.ም. ነው። አባል አገሮች እርስ በርሳቸው ከሚገበያዩዋቸው የዕቃ ዓይነቶች 90 በመቶ በሚሆኑት ላይ ቀረጡን ደረጃ በደረጃ ያነሣሉ፤ እንደ እኛ ላሉት በኢኮኖሚ ወደ ኋላ ለቀሩ አገሮች 10 ዓመት ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ ነገ ሁሉም ነገር ነፃ ይሆናል ብሎ የሚያወራ ደላላ ቢያጋጥምዎ አይመኑት። ከኬንያም ርካሽ ሸቀጥ ወደ እኛ መግባቱ የማይቀር ነው።

ጥቅሙ ምን እንደሚመስል ያየሁት ኬንያ ከጎረቤቶቿ ጋር ቀደም ብላ ባቋቋመችው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የጉምሩክ ኅብረት ነው። ከኅብረቱ ውጭ ለሚመጣ ያለቀለት ዕቃ በአብዛኛው 25 በመቶና ከዚያ በላይ ቀረጥ ሲከፈል፣ የኡጋንዳ ወይም የታንዛኒያ መሆኑ በስሪት አገር የምስክር ወረቀት የተረጋገጠ ዕቃ ያለ ቀረጥ ያልፋል። ዋጋው ከ2,000 ዶላር ለማይበልጥ ጭነት ደግሞ እዚያው ኬላው ላይ የሚሰጥ ቀለል ያለ የምስክር ወረቀት አለ፤ በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ላይ ባለችው በቡሲያ በኩል እህል የምታሻግር ነጋዴ ሴት ትጠቀምበታለች። እኔ ከቀረጡ መቅረት ይልቅ ይህን አስበልጣለሁ፤ ምክንያቱም ባለሀብቱ የጉምሩክ አስተላላፊ ቀጥሮ ጉዳዩን ሲያስጨርስ፣ ትንሹ ነጋዴ ግን ወረቀቱ ሲከብደው ወይ በኮንትሮባንድ ያሻግራል ወይ በደላላ ዋጋ ይሸጣል። ሞያሌ ላይም እንዲህ ያለው አሠራር ቢለመድ ከቡሬ እስከ ናይሮቢ በመካከል የሚገባው እጅ ይቀንስ ነበር።

የእርስዎ በርበሬ ከራሳችን ማሳ የበቀለ በመሆኑ ስሪቱን ማስረዳት አያስቸግርም፤ ድፍድፉ ከባሕር ማዶ መጥቶ እዚህ አህጉር የሚጣራ የምግብ ዘይት ግን ክርክር ሊያስነሣ ይችላል። እኔ የምፈራልዎ ጥራቱን ነው። በየካቲት 2013 ዓ.ም. ኬንያ የኡጋንዳንና የታንዛኒያን በቆሎ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ተገኝቶበታል ብላ አገደች። እገዳው በቅድመ ሁኔታ የተነሣው ከቀናት በኋላ ቢሆንም፣ በእነዚያ ቀናት የቀረጡ አለመኖር ለማንም አልጠቀመም። በእኛ አገር በርበሬው መሬት ላይ ተሰጥቶ፣ እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲያነሣ ተብሎ ውኃ ሲረጭበት ያውቃሉ፤ ይህን መርዝ የሚያመጣው እርጥበቱ ነው። ሚዛን ላይ የሚገኘው ትርፍ ኬላ ላይ ኪሳራ ይሆናል።

እንግዲህ ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር ተነጋግረው፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ወይም በሸራ ላይ የደረቀውን ብቻ ለይተው ቢገዙና የየቀበሌውን ሳይቀላቅሉ ቢያስቀምጡ መልካም ነው፤ የአንድ ሰው ጆንያ ብቻውን መኪና አይሞላም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከየዓይነቱ አንድ አንድ ኪሎ ናሙና ይላኩልኝ፤ እዚህ አስመርምሬ ውጤቱንና አሠሪዬ የሚሰጠውን ዋጋ እጽፍልዎታለሁ።

ታናሽ ወንድምዎ