ክረምት ሳይመለስ ጣሪያውን እንክደን፦ ለአሮጌ ጋዜጦች ክፍላችን የድጋፍ ጥሪ

በአራዳ፣ በአዘዞ፣ በማራኪ ላላችሁ፣ በሩቅም ለምትኖሩ የጎንደር ልጆች፤

እንደምን ሰነበታችሁ። ይህ ሦስተኛው ጥሪያችን ነው፤ መለመኑ እኛንም ሰልችቶናል። የንባብ ቤታችን የአሮጌ ኅትመት ክፍል ጣሪያ ባለፈው ሐምሌ መደርመሱን ሰምታችኋል። ጥፋቱ የቆርቆሮው አልነበረም። የባሕር ዛፉን ወራጅና ማገር ምስጥ ውስጥ ውስጡን በልቶት ምስማሩ የሚይዘው እንጨት አጣ። ስለዚህ ዘንድሮ ማገሩ በአርኤችኤስ ብረት፣ ማለትም ውስጡ ባዶ በሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ ይሠራ ብለናል። ቆርቆሮው ባለ 28 ጌጅ ይሁን (ጌጁ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል)፤ ባለ 35ቱ ይረክሳል፣ የጎንደርን በረዶ ግን አይችልም። ማሰሪያውም ጎማ ያለው ሆኖ በሞገዱ አናት ላይ ይገባል፤ ሸለቆው ላይ ከተመታ ውኃው ተከትሎት ይገባል።

«ለስኳር መጠቅለያ ወረቀት ይህ ሁሉ?» የሚሉን አሉ። መጠቅለያ የተባለው ምን እንደያዘ እንይ። በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ላይ የታተመ ስሌት አለ፦ 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሩ። ለ2018 ዓ.ም. 7518 ይመጣል። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል። የዓመቱ ወንጌላዊ የሚታወቀው በዚህ ትርፍ ነው፦ 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 7518ን ከ1879 ጋር ደምራችሁ ለ7 ብታካፍሉ ደግሞ 3 ይተርፋል፤ 1ን ማክሰኞ ብላችሁ ቁጠሩ፣ ሐሙስ ላይ ታርፋላችሁ። የ2018 እንቁጣጣሽ ሐሙስ ነበር።

ከዚያው መደርደሪያ የሰውን ስም ከእናቱ ስም ጋር በፊደል ቁጥር ደምሮ፣ ለ12 አካፍሎ ኮከብ የሚያወጣም አለ፤ 1 ቢተርፍ ሐመል፣ 2 ቢተርፍ ሰውር። ካህናቱ አይወዱትም፤ እኛም ለጋብቻ አንመክርም። ማለዳ በባዶ ሆድ ኮሶ ጠጡ የሚለው ገጽ ላይ፣ መጠኑ ካለፈ ዓይን ይጎዳል የሚል ብጣሽ ወረቀት አስገብተናል። የማርትሬዛ ብር፣ የዚያ የድሮ የብር ገንዘብ፣ ነገርም አለ፦ 1780 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የሚል ስላለበት በዚያ ዓመት የተመታ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመቱትም ያንኑ ዓመት ነው የያዙት።

የረጠበው እንዴት ተረፈ? እርጥብ ወረቀት በሁለት ቀን ሻጋታ ይጀምረዋል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ደግሞ የባሰ ነው፤ የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ ብርሃን ቢጫ አድርጎ ያፈረካክሰዋል። በጥላ፣ ነፋስ በሚዘዋወርበት፣ በገጾቹ መካከል ያልታተመበት ነጭ ወረቀት እያስገባን፣ ሲርስ እየቀየርን አደረቅነው። የዛገውን ሽቦ ነቅለን በጥጥ ክር ሰፋን። ስኮች አልለጠፍንም፤ ሙጫው ውሎ አድሮ ቡናማ ሆኖ ወረቀቱን ይበላል። የሚያብረቀርቀው የመጽሔት ወረቀት ግን ተጣብቆ ከደረቀ አይላቀቅም፤ ጥቂቶቹ ጡብ ሆነው ቀርተዋል።

ያለፈው መዋጮ የት ገባ ለምትሉ፦ ለብረት መደርደሪያና ለካርቶን ሣጥን ዋለ። ኮርኒሱን አንሥተን ማገሩን አለማየታችን ጥፋታችን ነው። ይሁንና መደርደሪያው ከወለሉም ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ስለራቀ ወለሉ ላይ የተኛው ውኃ የታችኛውን ረድፍ አልነካውም። ደረሰኙ ሁሉ ፋይል ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት መጥታችሁ አገላብጡት።

የጎንደር ሰው ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሲሠራ ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣ ነው። ለዚህም ክፍል አንድ ቆርቆሮ፣ አንድ ዘንግ ብረት፣ የአንድ ቀን ጉልበት ይበቃል።

ገንዘብ የሚገባው በኮሚቴው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በንባብ ቤቱ በር ላይና በደረሰኞቻችን ራስጌ አለ። በግለሰብ ስም ወይም በስልክ ቁጥር ላኩ የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ ከእኛ አይደለም። በድጋሚ፦ በሩ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ፤ ካስገባችሁ በኋላ የባንኩን ወረቀት አምጥታችሁ የእኛን ደረሰኝ ውሰዱ። ብረቱ ከግንቦት በፊት ካልተገዛ ሠራተኛው ዝናብ ውስጥ ይገባብናል።

የንባብ ቤቱ ኮሚቴ፣ ጎንደር