የፈቃድ ቀናችን ቀድሞ ይነገረን

ለአዘጋጁ፦ ስለ ዓመት ፈቃድ ላወጣችሁት ጽሑፍ አንድ ነገር ልጨምር። የእረፍት ደስታ የሚጀምረው ማቀድ ስንጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናትም ተጓዦች ከማይጓዙት ይልቅ ደስተኛ ሆነው የተገኙት ከጉዞው በፊት መሆኑን አሳይቷል። ለእኛ ለጎንደሮች ደግሞ ማሰቡ ራሱ ይጣፍጣል፤ ጎርጎራ ወርዶ ጣና ዳር ትኩስ አሳ መብላት፣ ወይ በደባርቅ በኩል ሰሜን ተራሮች ወጥቶ ጭላዳ ማየት፣ ስንት ጋቢ ይያዝ እያሉ ማታ ማታ ከልጆች ጋር መከራከር። ይሄ ሁሉ ግን ቀኑ ሲታወቅ ነው። «ከነገ ጀምሮ ውጣ» የተባለ ሠራተኛ ፈቃዱን ቤቱ ተኝቶ ይጨርሰዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እኮ ፈቃድ በፕሮግራም እንዲሰጥ ይላል። ስለዚህ ድርጅቶች የሠራተኛውን ምርጫ ጠይቀው ፕሮግራሙን መስከረም ላይ ይለጥፉ።