በፌስታል የተቋጠረ ማስረጃ

ለፍትሕ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከሰው አካል የሚገኙ ማስረጃዎች ስለሚሰበሰቡበትና ስለሚጠበቁበት አስገዳጅ መመሪያ

የአራዳ ክፍለ ከተማ ነዋሪና የባዮኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ባለፈው ክረምት ፒያሳ አካባቢ አንድ የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ተደብድቦ ሲገኝ፣ በደም የራሰ ጋቢው እርጥብ እንዳለ በፌስታል ተቋጥሮ ለኤግዚቢትነት ሲወሰድ ቆሜ ተመልክቻለሁ። ፖሊሱ የቋጠረው በጥንቃቄ ነበር፤ ጥፋቱ ሌላ መያዣ ያላዘጋጀለት አሠራር ስለሆነ ጣቢያውን መጥቀስ አላስፈለገኝም።

እርጥብ ጨርቅ በፕላስቲክ ውስጥ ሲታፈን ባክቴሪያና ሻጋታ ይራቡበታል፤ የሚያመነጯቸው ኤንዛይሞችም ረጅሙን የዲኤንኤ ሰንሰለት ይቆራርጡታል። ላቦራቶሪው አንዱን ሰው ከሌላው የሚለየው በሰንሰለቱ ላይ የሚደጋገሙ አጫጭር ክፍሎችን በመቁጠር ነው፤ ፒሲአር የተባለው ዘዴ ከጥቂት ሕዋሳት የተገኘን ዲኤንኤ በሚሊዮኖች እጥፍ ማባዛት ቢችልም፣ ቆጠራው የሚካሄድበት ክፍል ራሱ ከተበጠሰ የሚያባዛው ነገር አያገኝም። መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ ልብሱን ፀሐይ በማይነካው ንጹሕ ቦታ አድርቆ ለብቻው በወረቀት ከረጢት ማሸግ፣ ማን ከማን በስንት ሰዓት እንደተረከበውም በፊርማ ማረጋገጥ ነው። ስኳርና ቡና በወረቀት ሲጠቀለልበት በኖረ ከተማ የወረቀት ከረጢት ታጣ ብሎ ማመን ይከብደኛል።

«ደም ነው» ብሎ መወሰንም የራሱ ጥንቃቄ አለው። የደም ዱካ ለመፈለግ የሚረጨው ሉሚኖል የተባለ ኬሚካል የሚያበራው ደምን በሚያቀላው ፕሮቲን፣ በሂሞግሎቢን ውስጥ ያለው ብረት ኬሚካዊ ለውጡን ስለሚያፋጥነው ቢሆንም፣ በረኪናም ያበራዋል፤ ለፋሲካ የታረደ በግ ደምም እንዲሁ። ስለዚህ ያበራ ወለል ሁሉ የሰውን ፕሮቲን በሚለይ ምርመራ ሳይረጋገጥ የሰው ደም ተብሎ ልደታ ችሎት ፊት መቅረብ የለበትም።

ይህ ሁሉ ለከሳሽ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በእንግሊዝ፣ በሌስተር አቅራቢያ በተፈጸሙ ሁለት ግድያዎች የዲኤንኤ ምርመራ አስቀድሞ ያደረገው፣ አንዱን ግድያ ፈጽሜያለሁ ብሎ ያመነን ወጣት ነጻ ማውጣት ነበር፤ እውነተኛው ገዳይ የተፈረደበት ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ነው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 34 የተጠርጣሪ የሰውነት ምርመራ የደም ምርመራንም እንደሚጨምር ይደነግጋል። በዚያን ዘመን ከደም የሚጠበቀው ግን በዋናነት የደም ዓይነትን መለየት ነበር፤ ዛሬ ከአንዲት ጠብታ የቤተሰብ ዝምድና ጭምር ይነበባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ስለሚያስከብር፣ ናሙናው በማን ትእዛዝ እንደሚወሰድ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ በነጻ የተሰናበተ ሰው ናሙናም መቼ እንደሚወገድ በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ ከፌዴራል ፖሊስ ጋር በመሆን ይህን መመሪያ እንዲያወጣ፣ ከማንኛውም የላቦራቶሪ መሣሪያ ግዥ አስቀድሞም የወረቀት ከረጢት፣ ጓንትና የርክክብ ቅጽ በየፖሊስ ጣቢያው እንዲደርስ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የባዮኬሚስትሪ መምህር
አራዳ፣ አዲስ አበባ