እምቢ ማለት ላላስተማርኩሽ ልጄ

የኔ እናት፣ ትናንት ማታ እህትሽ ቬትናም፣ ሀኖይ የተነሳሽውን ፎቶ አሳየችኝ። የሕፃን በምታህል የላስቲክ በርጩማ ላይ ጉልበትሽ አገጭሽን ሊነካ ደርሶ ተቀምጠሽ ትስቂያለሽ። ደስ አለኝ። ከዛ ስልኩን ተቀብዬ ሳህኑን አጉልቼ አየሁት። ኑድሉ ላይ የተነሰነሰው ቡናማ ነገር ምንድነው? እህትሽ "የተጠበሰ ሽንኩርት ነው" አለች። የምግቡን ስም አስፈለግኳት። ቡን ቦ ናም ቦ። ሽንኩርቱም አለው፣ ያ የማይስማማሽ ኦቾሎኒም ተፈጭቶ አለበት። እንቅልፍ የሚባል አልዞረብኝም።

ሳትጠይቂ እንዳትበይ።

ደግሞ ስሙ ራሱ እንደየአገሩ ይለያያል። ኦቾሎኒ ሰሜን "ላክ" ነው፣ ሳይጎን "ዳው ፎንግ"፣ መሀል አገር ሁዌ አካባቢ "ዳው ፉንግ"። ሀኖይ ላይ "ዳው ፉ" ካልሽ ግን ቶፉ ነው፣ ያ ከአኩሪ አተር የሚሠራው! አስቢው፣ ኦቾሎኒ ይቅርብኝ ስትዪ ቶፉውን ቀንሰው ኦቾሎኒውን ሲነሰንሱልሽ። ስለዚህ በአፍሽ አትመኚ። የሆቴሉን ልጆች ለምነሽ ሦስቱንም በነሱ ጽሑፍ ወረቀት ላይ አስጽፊ። የአለርጂሽ መርፌዎች ሁለቱም ከእጅ ቦርሳሽ አይለዩ፣ ሻንጣ ውስጥ የተቀመጠ መርፌ እንደሌለ ቁጠሪው።

የስድስት ዓመት ልጅ ሆነሽ አክስትሽ ቤት የሆነውን ታስታውሻለሽ? ቆሎው ውስጥ ኦቾሎኒ ነበረበት። "እማዬ ጉሮሮዬን በላኝ" አልሽኝ። ሰው ቤት አትቀናጪ፣ ብይ ብዬ አጎረስኩሽ፣ ስታለቅሺ ደግሞ በጠረጴዛው ሥር ጭንሽን ቆነጠጥኩሽ። ከንፈርሽ ሲያብጥ ነው የባነንኩት። ዶክተሩ ጭንሽ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት አይቶ "ይሄም ከምግቡ የመጣ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። ይህን ለአባትሽ እንኳ ነግሬው አላውቅም። ያኔ እምቢ ማለት ነውር ነው ብዬ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ፣ አሁን እምቢ በይ ብዬ የምለምንሽም እኔው ነኝ። ምግብ ሻጯ አሮጊት ፈገግ ብላ በእጇ ብትዘረጋልሽም፣ ብትቀየምሽም። ትቀየም!

ሁዌ ላይ ቡና በጨው ይጠጣል አሉ፣ አያትሽ ብትኖር "ዘመዶቻችን ናቸው" ትል ነበር። እሱን ጠጪልኝ። ጣፋጭ ስለምትወጂ የምፈራው ቼ የሚሉትን ጣፋጫቸውን ነው፣ ባቄላው፣ የኮኮናት ወተቱ፣ በረዶው ምንም አይልም፣ ከላይ የሚነሰነሰው ኦቾሎኒ ነው ጉዱ። ሆይ አን ከተማ ስትደርሺ ሚ ኳንግ የሚሉትን ኑድል ተዪው፣ ያለ ኦቾሎኒ አይሆንላቸውም። ካዎ ላው የሚሉት ኑድል ይሻልሻል፣ የአሳማ ሥጋውን ነገር አልጠይቅሽም፣ እሱ ካንቺና ከንስሐ አባትሽ ነው። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ "ቻይ" የሚል፣ ሥጋ የሌለበት ምግብ ቤት እገባለሁ ብለሻል፣ ጎበዝ፣ ግን ኦቾሎኒ ጾም አያስፈታም እኮ፣ እዛም ሳትጠይቂ እንዳትበይ።

ያ ቀጭኑ ሹራብ ለአውቶቡሱ ይሁንሽ፣ ማታ ማታ ማቀዝቀዣውን ይለቁታል አሉ።

ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ የወረቀቱን ፎቶ ላኪልኝ፣ የምግቡን ከዛ በኋላ።

እናትሽ