የአትክልት ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከቁራጭ እስከ ችግኝ

የአትክልት ክበብ ዘንድሮ ዘር አልዘራም። ዓመቱን ሙሉ አባላት የተለማመዱት ካደገ ተክል ላይ ቁራጭ ወስዶ ቤት ውስጥ ሥር ማስወጣትን ነው። ቁራጭ እናት ተክሉን ይመስላል፣ ከዘርም ቀድሞ ያብባል፤ ለጀማሪ የሚያስፈልገውም ስለታም መቀስ፣ የአበባ ማሰሮና ላስቲክ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ለቀላሎቹ ለናናና ቅጠሉ ባለ ብዙ ቀለም ለሆነው ለኮሊየስ ዋለ። ሁለቱም በውሃ ብርጭቆ ውስጥ በአንድና በሁለት ሳምንት ሥር ያወጣሉ። የሚቆረጠው ልክ ከአንጓው (ቅጠሉ ከግንዱ ከሚወጣበት መገጣጠሚያ) ግርጌ ነው፤ አዲስ ሥር በብዛት የሚወጣው ከዚያ ነውና። ውሃ ውስጥ የሚገባ ቅጠል በሙሉ ይነቀላል፤ አለበለዚያ በስብሶ ውሃውን ያበላሻል። ውሃው በየሁለት በየሦስት ቀኑ ይለወጣል። ሥሩ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ወደ አፈር መዛወር አለበት፤ በውሃ ውስጥ የረዘመ ሥር ተሰባሪ ስለሆነ አፈር ሲገባ ይቸገራል።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ከበድ ይል ነበር። የጥብስ ቅጠል፣ ጀራንየምና ጽጌረዳ የተተከሉት እኩል በተቀላቀለ ሻካራ አሸዋና በደንብ በተብላላ ብስባሽ ላይ ነው። ደቃቅ አሸዋ ይጠቀጠቅና አየር ያሳጣል፤ ትኩስ ፍግ ደግሞ ለስላሳውን ሥር ያቃጥላል። ቁራጩ ጠዋት፣ ተክሉ ውሃ ጠግቦ ሳለ፣ አበባ ካልያዘ ቅርንጫፍ ይወሰዳል። ለጥብስ ቅጠልና ለጀራንየም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ለጽጌረዳ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የታችኛው ጫፍ በሰያፍ፣ የላይኛው ቀጥ ተደርጎ ቢቆረጥ የትኛው ወገን ታች እንደሆነ አያሳስትም፤ ተገልብጦ የተተከለ ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ ይደርቃል። ጉድጓዱን አስቀድሞ በእንጨት መብሳት ይሻላል፤ ቁራጩን በግድ መጫን የተቆረጠውን ጫፍ ይልጠዋል።

አባላትን ብዙ ያከራከረው ላስቲክ ነው። ሥር የሌለው ቁራጭ በቂ ውሃ መሳብ አይችልም፣ ቅጠሉ ግን ውሃ ማትነኑን አያቆምም። ስለዚህ የጥብስ ቅጠልና ጽጌረዳ በላስቲክ ይሸፈናሉ፤ ሰፋፊ ቅጠልም በግማሽ ይቆረጣል። ማሰሮው ብርሃን ባለበት፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ግን በማያገኘው ቦታ ይቀመጣል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ላስቲክ ቁራጩን ይቀቅለዋል። ጀራንየም ግን አይሸፈንም። በታፈነ እርጥበት ግንዱ ከታች ጀምሮ ይጠቁርና ይበሰብሳል፤ አንዴ ከጠቆረ መድኃኒት የለውም፣ ከጎረቤቶቹ ለይቶ መጣል ነው። ቁልቋልማ ጭራሽ ከመተከሉ በፊት ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን በደረቅ ቦታ መቆየት አለበት።

ከሁሉ በላይ የሚያታልለው አዲስ ቅጠል ነው። ጽጌረዳ በግንዱ ባከማቸው ምግብ ብቻ ማቆጥቆጥ ይችላል፤ ምግቡ ሲያልቅ ሥር ከሌለ ይጠወልጋል። እየነቀሉ ማየትም ገና የበቀለውን ሥር ይበጥሳል። ከታች የተበሳ ግልጽ የፕላስቲክ ኩባያ፣ በጥቁር ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ጥሩ መላ ነው፤ ወረቀቱ ሲገለጥ ሥሩ ይታያል።

ሥር አፍጣኝ ዱቄት ለጽጌረዳ ይጠቅማል፣ ለናና ግን ብክነት ነው። ሲነከርም የተረፈው መራገፍ አለበት፤ ሲበዛ ሥር እንዳይወጣ ያደርጋል።

ዳሩ ቢጫ የሆነውን ሳንሰቬሪያ (ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆም የቤት ተክል) በቅጠል ቁራጭ ለማባዛት የፈለጉ አባላት ነበሩ። ይበቅላል፣ ነገር ግን አዲሱ ተክል ቢጫውን ዳር አጥቶ አረንጓዴ ብቻ ይሆናል። ቢጫውን ለማቆየት ያለው መንገድ ከሥሩ የበቀለውን ልጅ ከእናቱ መክፈል ነው።

ጽጌረዳዎቹ ገና ከላስቲክ አልወጡም። በዕረፍቱ ወደ ቤት የሚወስዷቸው አባላት ሥር ማየታቸውን ሲያረጋግጡ ላስቲኩን በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ ይክፈቱ፤ በየቀኑ ጥቂት እየጨመሩ ከሳምንት በኋላ ሙሉ በሙሉ ያንሱት። ማዳበሪያ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም ከተለመደው መጠን በግማሽ ቀጥኖ።