ታናሼ ይወድሻል፣ እማዬ

ይድረስ ለእማዬ፣ ድሬዳዋ

እማዬ፣ ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሻል? እኛ ደህና ነን።

በስልክ «ቢወደኝ ኖሮ ጫቱንና መጠጡን ይተው ነበር» ብለሽ ያለቀስሽው ከሆዴ አልወጣ አለኝ። ታናሼ ይወድሻል። የታመመው አንጎሉ ነው።

ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ነገር አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1975 ነው ለይቶ ያወጣው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ይደክማል፤ የአወዳይ መኪኖች እንደዚያ የሚከንፉት፣ ያደረ ጫትም ፈላጊ የሚያጣው ለዚህ ነው። ካቲኖን አንጎል ሲደርስ ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል ከልክ በላይ ያስለቅቀዋል። ዶፓሚን ጥሩ ስንበላ፣ የምንወደውን ሰው ስናገኝ በመጠኑ የሚመነጭ፣ «ይህን ድገመው» እያለ አንጎልን የሚያስተምር ነው። ሲትረፈረፍ ምርቃና ይሆናል። በየቀኑ ሲደጋገም ግን አንጎል ይለምደውና ይደነዝዛል፤ ያኔ በልጅነታችን የምንሻማበት ፈጢራ እንኳ አይጥመውም።

ሐራራውም ቅጠሉን ሳያይ ነው የሚነሣበት፤ አንጎሉ ሰዓቱን ተምሯል። በፋሲካ አላየሽውም? ሰባት ሰዓት ሲል፣ እየሣቀ ሲያወራን ቆይቶ ድንገት ዝም አለ፣ ኪሱን ዳበሰ፣ ዓይኑ በሩ ላይ ቀረ። ማመዛዘኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ እስከ 25 ዓመት ግድም በስሎ አያልቅም፤ እሱ የጀመረው ገና ተማሪ ሳለ ነው።

ከጫቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ጨብሲው ነው። ምርቃናውን ለመስበር ማታ ማታ የሚጠጣው አረቄ አንጎልን ያፈዘዋል፤ አንጎሉም ያንን ለመቋቋም ራሱን ሲያነቃ ይኖራል። ብዙ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ሲያቆም ያ መነቃቃት ብቻውን ይቀራል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል፣ እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው፣ ሊገድለውም ይችላል። ጎረቤት «ክፍል ቆልፈሽበት ይውጣለት» ያለችሽን በእግዚአብሔር እንዳታደርጊው!

ለቁልቢ ገብርኤል መሳልሽን አልቃወምም፤ እኔም ተስያለሁ። ሐኪምም ይየው። ሰኞ አብረሽው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂጂ፤ ስንት እንደሚጠጣ ሲጠይቁሽ አፍረሽ አትቀንሺ፣ ሕክምናው የሚወሰነው በዚያ ልክ ነው። ቢያገረሽበትም ከቤት አታስወጪው፣ አንጎሉ እስኪያገግም ወራት ይፈልጋል። ብሩን ዓርብ እልካለሁ። አንቺም የግፊት መድኃኒትሽን እንዳትረሺ።

ልጅሽ